ያረጀው ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ የከበደው ፕሮግራሙ?

የሽያጭ፣ የመጋዘንና የዱቤ ሂሳቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረ ነጋዴ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ፕሮግራሙ በተገዛበት ሰሞን ደረሰኝ ከአታሚው እየተስፈነጠረ ይወጣ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ገዢው ገንዘቡን በእጁ እንደያዘ፣ ካሸሯም ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ይጠባበቃሉ። ሆሳዕና በገበያ ቀን ከሾኔ፣ ከሆመቾ ወይም ከዶዮገና የመጣ ቸርቻሪ መኪና ሳያመልጠው ዕቃውን ጭኖ ለመመለስ የሚቸኩል በመሆኑ፣ ሰልፍ ባየበት ሱቅ አይቆምም፤ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የተሻገረ ደንበኛ ደግሞ ሁልጊዜ አይመለስም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፣ ይለወጥ» የሚል ነው። ምክሩ ርካሽ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ ሲሆን፣ ኮምፒዩተርም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን አዲሱ ማሽን ተገዝቶ መጥቶ ደረሰኙ እንደ ቀድሞው ሲዘገይ ነው።

የወፍጮ ድንጋይ በአገልግሎት ብዛት ይሟልጣል፣ ምርቱም ይቀንሳል። የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ግን እንዲህ አይደለም። በአቧራ ታፍኖ ካልሞቀ፣ ዲስኩም ካልሞላ ወይም ካልተበላሸ በቀር ከሦስት ዓመት በፊት በሰከንድ ይሠራው የነበረውን ዛሬም ይሠራዋል። ስለዚህ ትናንት ይፈጥን የነበረ ሥራ ዛሬ ከዘገየ ሊጠየቅ የሚገባው «ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «በትናንትና በዛሬ መካከል ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ የአገሪቱ ነጋዴ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመልክቷል። በዚያ ዕለት ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያዛውሩ ፈቀደ። ባንኩ ለሰዓታት አገልግሎቱን ለማቋረጥ የተገደደ ሲሆን፣ ኋላ ይፋ ያደረገው የገንዘብ መጠን 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። በእርግጥ ያ የፍጥነት ጉዳይ አልነበረም። ይሁንና ዘሩ አንድ ነው፤ ማምሻውን ይሠራ የነበረ ሲስተም ሲነጋ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከደቡብ አፍሪካ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ በባንክ አልፎ ለንግድና ለግንባታ በሚውልባቸው በሀዲያና በከምባታ ከተሞች፣ የሲስተም ለውጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

የለውጥ መዝገብ

ሥራውን የሚያከብር የሶፍትዌር ድርጅት ሁሉ አንድ መዝገብ ይይዛል። በፕሮግራሙ ላይ የተደረገች እያንዳንዷ ለውጥ በዚህ መዝገብ ትሰፍራለች፤ ማን እንደለወጠ፣ መቼ እንደለወጠ፣ የትኛው መስመር ወጥቶ የትኛው እንደገባ፣ ለምን እንደተለወጠም ጭምር። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ፕሮግራሙን በማንኛውም ቀን እንደነበረ አድርጎ መልሶ ማውጣት መቻሉ ነው። የመስከረሙን ከፈለጉ የመስከረሙ፣ የጥሩን ከፈለጉ የጥሩ ይመጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ እንዲህ ያለ መዝገብ ያዥ ፕሮግራም መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ግን ጊት የሚባለው ሲሆን፣ የተወለደውም በንግድ ጠብ ነው ማለት ይቻላል። የሊኑክስ ባለሙያዎች ለሦስት ዓመት ያህል ቢትኪፐር የተባለ የአንድ የግል ኩባንያ ዕቃ በነፃ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኩባንያው የነፃ ፈቃዱን ሲያነሳ የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ የራሱን መሥራት ጀመረ። ጊት በቀናት ውስጥ የራሱን ለውጥ በራሱ መመዝገብ ቻለ። ነፃም ነው፤ ስለዚህ «መዝገብ ለመያዝ አቅም የለንም» የሚል የሶፍትዌር አቅራቢ ምክንያት የለውም።

ከመሃል መጀመር

መዝገቡ ካለ ጥፋተኛዋን ለውጥ ማግኘት ለሂሳብ ሰው እንግዳ አይደለም። ወር ላይ የካዝናው ገንዘብና የመዝገቡ ቀሪ አልገጥም ቢል፣ ብልህ ሂሳብ ያዥ ከወሩ 1ኛ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ደረሰኝ አያገላብጥም። በ15ኛው ቀን የተደረገውን የካዝና ቆጠራ ያያል። እስከዚያ ድረስ ከገጠመ ስህተቱ ያለው ከ15ኛው ቀን ወዲህ ነው፤ ካልገጠመ ከዚያ በፊት ነው። በአንድ እይታ ግማሹ ወር ተጣለ ማለት ነው። የቀረውን ደግሞ እንደገና ለሁለት ይከፍላል።

በፕሮግራምም አሠራሩ ይኸው ነው። ጊት ለዚህ የሚሆን «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ጫፍ ከነገሩት መሃሉን እያወጣ ለሙከራ ያቀርባል። 1,000 ለውጥ ቢኖር 10 ሙከራ፣ 1 ሚሊዮን ቢኖር 20 ሙከራ ይበቃል።

ለምሳሌ ያህል በሆሳዕና የሚገኝ አንድ የጅምላ ነጋዴ እንውሰድ። ፕሮግራሙ መስከረም ላይ ሲተከል ደረሰኝ በ2 ሰከንድ ይወጣ ነበር፤ በሰኔ 14 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በዚህ መካከል የአቅራቢው ድርጅት 64 ለውጦችን መዝግቧል። 32ኛው ለውጥ ላይ የነበረው ፕሮግራም ወጥቶ ይሞከራል፤ ፈጣን ነው። 48ኛው ይሞከራል፤ ዘገምተኛ ነው። 40ኛው ፈጣን፣ 44ኛው ዘገምተኛ፣ 42ኛው ፈጣን፣ 43ኛው ዘገምተኛ ሆኑ። በ6 ሙከራ ጣት የሚቀሰርበት ለውጥ ታወቀ፤ 43ኛው ነው።

መዝገቡ ሲገለጥ በ43ኛው ለውጥ ላይ «የደንበኛው የዱቤ ዕዳ በደረሰኙ ላይ እንዲታይ» ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄውን ያቀረበው ራሱ ነጋዴው ነው! አገልግሎቱ ተገቢ ነው፤ የተሠራበት መንገድ ግን አልታሰበበትም። ደረሰኙ ላይ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና እየተባለ 12 ዓይነት ዕቃ ቢሰፍር፣ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዕቃ የደንበኛውን የዱቤ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይደምራል፤ 12 ጊዜ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ደምሮ ውጤቱን መያዝ ይበቃው ነበር። ለውጡ በተደረገበት ሳምንት ማንም ያላስተዋለው ደግሞ ባለሙያው ቢሮው ውስጥ የሞከረው ሃምሳ በማይሞሉ የዱቤ ሽያጮች ላይ ስለነበር ነው። በአሥር ሺህ የሚቆጠር የዱቤ ሽያጭ ባለበት ሱቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እርማቱ ጥቂት መስመር ነው። አዲስ ኮምፒዩተር አላስፈለገም።

ከሁሉ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ከላይ ያለው ምሳሌ አንድ ነገር ዘሎ አልፏል፤ እርሱም ዋናው ነው። በመስከረምና በሰኔ መካከል የተለወጠው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም። የነጋዴው መረጃም አድጓል። ስለዚህ መዝገቡን ማገላበጥ ከመጀመሩ በፊት የመስከረሙን ፕሮግራም በሰኔው መረጃ ላይ መሞከር ግድ ነው። አሮጌው ፕሮግራም የዛሬውን መረጃ በፍጥነት ከሠራው ጥፋቱ ያለው በተደረጉት ለውጦች ውስጥ ነው፤ ፍለጋውም ትርጉም ይኖረዋል። አሮጌውም እኩል ከዘገየ ግን 64ቱንም ለውጥ መመርመር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚጠየቀው የመረጃው ብዛት፣ ማሽኑ ወይም መስመሩ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ወዳጅነት ይድናል፤ ምክንያቱም ነጋዴው አቅራቢውን፣ አቅራቢው ደግሞ የነጋዴውን ኮምፒዩተር ሲወቅስ ማን እውነት እንዳለው የሚፈርደው ይህ አንድ ሙከራ ነው።

ሙከራው በሚሠራበት መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። አሮጌ ፕሮግራም አዲሱን መረጃ ሲከፍት ሊያበላሸው ወይም ጭራሽ ላያነበው ይችላል። ቅጂ ወስዶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ይገባል።

አለካኩም ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮግራም እንደተከፈተ የሚወጣው የመጀመሪያው ደረሰኝ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ መረጃው ገና ከዲስክ እየተነበበ ነውና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይፈጥናሉ። ስለሆነም አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ ንፁሑን ለውጥ ያስኮንናል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል። ከስንት ሰከንድ በላይ «ዘገምተኛ» እንደሚባልም ሙከራው ሳይጀመር መወሰን አለበት፤ በምሳሌያችን 5 ሰከንድ ቢባል ክርክር አይኖርም።

መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ከሰዓት በፊት በመብራት፣ ከሰዓት በኋላ በባትሪ የተለካ ሙከራ ደላላው በሁለት ሚዛን እንደመዘነው ስንዴ ነው። ሁሉም ሙከራ በአንድ ማሽን፣ በአንድ መረጃ፣ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ መደረግ ይኖርበታል።

ከራሱ ከሠሪው የተገኘ ጥፋት

ትላልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊኑክስ 5.9 እትም በመዘጋጀት ላይ ሳለ፣ ፎሮኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ፍተሻ ድረ ገጽ የሚያዘጋጀው ማይክል ላራቤል የድረ ገጽ ሰርቨር ሥራ ከቀደመው እትም ይልቅ እንደተጓተተ አስተዋለ። በአንድ የሊኑክስ እትም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ። ላራቤል እየከፈለ ሄዶ አንዷን ለውጥ ለየ፤ ባለቤቷም ሌላ ሳይሆን ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ለገበያ ሰው ለማስረዳት አይከብድም። ብዙ ሥራዎች አንድን የማስታወሻ ገጽ በአንድ ጊዜ ሲፈልጉ ተራ ይጠብቃሉ። በቀድሞው አሠራር መስኮቱ ሲከፈት ቀድሞ የተገኘ ይስተናገድ ነበር፤ ተራው የነበረው ተዘሎ ሊቀር ይችላል። ቶርቫልድስ ይህን አስተካክሎ ተራ በጥብቅ እንዲከበር አደረገ። ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ተራው የደረሰው ሥራ እንቅልፍ ላይ ከሆነ እስኪነቃ ድረስ መስኮቱ ባዶውን ይቆያል፣ ነቅቶ የቆመውም አይስተናገድም። ፍትሐዊነቱ ፍጥነቱን በላው። መጨረሻ ላይ የተገኘው መላ አስታራቂ ነው፤ ተራ ጠባቂው እስከ 5 ጊዜ ድረስ ቢዘለል ይታገሣል፣ ከዚያ በኋላ ግን የግድ ይስተናገዳል። እርማቱ ገብቶ እትሙ ጥቅምት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ወጣ።

ቶርቫልድስ የተሳሳተው ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ለውጡ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ ዋጋው የታየው ሲለካ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ አቅራቢም «ኮዱን አይቸዋለሁ፣ ምንም የለበትም» ቢል ይህ ብቻውን መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የግማሽ ሰከንድ ዋጋ

ንግድ ባንክ ላይ ያ ችግር በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያስደነገጠ ሌላ ዜና ወጣ። የማይክሮሶፍት ባልደረባና የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ፣ ወደ ሰርቨር ከርቀት ለመግባት የሚያገለግለው ፕሮግራም ቀድሞ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበት የነበረው ወደ 0.8 ሰከንድ ከፍ እንዳለ ተመለከተ። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «መስመሩ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ፍሮይንድ ግን ጊዜው የት እንደሚጠፋ ተከትሎ ሄዶ ኤክስዚ ከተባለ የመረጃ ማመቂያ ፕሮግራም ደረሰ፤ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ ውስጥም የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ቁልፉ የተያዘው ሰው በዚያ በኩል የሌሎችን ሰርቨሮች ማዘዝ ይችል ነበር። በሩን ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በቅን ሠራተኛነት እየተመሰገነ እምነት ያተረፈ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ወገን ነው። እትሞቹ በብዛት ለሚሠራባቸው የሊኑክስ ዓይነቶች ሳይዳረሱ በመያዛቸው ትልቅ አደጋ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴውን የሚመለከተው አንድ ዝርዝር አለ። ወንጀሉን የሚያስነሳው ቁልፍ ክፍል በጊት የለውጥ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ ለተጠቃሚ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ሰነዱ ላይ ያለውና መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ አልገጠሙም ማለት ነው። ስለዚህ አቅራቢ ለውጥ መዝግቤአለሁ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ነጋዴው ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው በትክክል ከዚያ መዝገብ የወጣው መሆን አለበት።

መዝገቡ የማያየውም ብዙ ነው። የዊንዶውስ አፕዴት፣ አዲስ የተጫነ አንቲቫይረስ፣ በልጅ እጅ የተነካካ ሴቲንግ፣ የተቀየረ የኢንተርኔት መስመር፤ እነዚህ ሁሉ ፕሮግራሙን ሊያዘገዩት ሲችሉ በአቅራቢው መዝገብ ግን አይሰፍሩም። ለእነዚህ አንድ ደብተር ካሸሯ አጠገብ ማስቀመጥና ኮምፒዩተሩ በተነካ ቁጥር ቀኑን መጻፍ ነው ያለው መላ።

ነጋዴው በእጁ ያለው ምንድን ነው?

አብዛኛው ነጋዴ የፕሮግራሙ ኮድ በእጁ የለም። እንደ ፒችትሪ ያለ ከውጭ የመጣ የታሸገ ፕሮግራም የሚጠቀምም የኩባንያውን መዝገብ የማየት ዕድል የለውም። ይሁንና አቅራቢው በየጊዜው የሚያመጣቸውን የመጫኛ ፋይሎች ቀናቸውን እየጻፈ በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ማስቀመጥ ማንንም አይከለክልም። ስምንት እትም የተቀመጠለት ነጋዴ በሦስት ሙከራ ፍጥነቱ የወደቀው በየትኞቹ ሁለት እትሞች መካከል እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲደውል «ዘገየብኝ» ሳይሆን «የጥሩ እትም በ2 ሰከንድ፣ የየካቲቱ በ14 ሰከንድ ያወጣል» ማለት ይችላል። ሁለቱ ስልኮች የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

አዲስ ውል የሚፈራረም ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጉልበት አለው። የለውጥ መዝገብ መያዙ፣ እያንዳንዱ ለውጥ አነስ ብሎ ለብቻው መመዝገቡ፣ ወደ ቀደመው እትም መመለስ የሚቻልበት መንገድ መኖሩ በውሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በተለይ «አነስ ብሎ» የሚለው የዋዛ አይደለም። የሦስት ወር ሥራ በአንድ ጆንያ ታጭቆ እንደ አንድ ለውጥ ከተመዘገበ፣ ፍለጋው እዚያ ጆንያ ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር በመስመር ማንበብ ነው፣ ሰዓቱም ይቆጠራል። ደረሰኝ፣ የቀን ሽያጭ ሪፖርትና የመጋዘን ቀሪ በስንት ሰከንድ እንደሚወጡ በርክክቡ ዕለት ተለክቶ፣ ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ፊርማ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ደግሞ ከዓመት በኋላ «ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚል ክርክር አይነሳም።

ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በከተማዋ ለሶፍትዌር ውል የሚፈራረሙት ሱቆች ብቻ አይደሉም። ሙከራውን ለማካሄድም የግድ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ጊትን የሚያውቅ አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ፣ የመረጃው ቅጂና የአቅራቢው ፈቃድ ከተሰጠው በምሳሌው የቀረበውን ዓይነት ፍለጋ በግማሽ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። የዚህን ክፍያ ከአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ጋር ማስተያየት የነጋዴው ፈንታ ነው።